አዲሱ የዱሪ አባት

ፈገግ ያለ የአሳማ ራስ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ግን አዲስ ድራማ ሲከፈት ለበረከት የሚሰገድለት እሱ ነውና የግድ ነው። ፊቱን ባኮሳተረ አሳማ የተከፈተ ድራማ ወይ ተመልካች አያገኝም ወይ ጣራ ይደረመስበታል ብለው የቴሌቪዥን ሰዎች ያምናሉ፤ የማያምኑትም ቢሆኑ ሞክረው ለማየት አይደፍሩም። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ሦስት ሥጋ ቤት ዞራ አፉ እስከ ጆሮው የተከፈተ ራስ ይዛ መጥታለች። ዛሬ ጠዋት ፓጁ ከተማ ባለው ስቱዲዮ መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ ባቄላ የተነሰነሰበት የሩዝ ኬክና በነጭ ክር የታሰረ ደረቅ ዓሣ ተደርድሮለት፣ በመጋቢት ብርድ ለሚንቀጠቀጠው ስድሳ ሰው ሁሉ ይስቃል።

ኦክ ማልሱን ግን አሳማውን ልብ አላለችውም። ዓይኗ ከአሳማው በላይ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ ነበር። «የደቡብ በር ሾርባ ቤት፤ ሁለተኛ ምዕራፍ» ይላል። ከሥሩ የተዋንያኑ ስም በዕድሜ ተደርድሯል። ከአራት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በተከፈተ ቀን፣ ከሁሉም በላይ የተጻፈው ዶ ሳንግሙክ የሚል ስም ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ያለው የእሷ ስም ነው። ከእሷ ቀጥሎ ናም ጊቴ ይላል። ስሟ ከፍ ማለቱ አላስደሰታትም፤ እንዲያውም አፈረችበት።

ሳንግሙክና ማልሱን በአርባ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ባልና ሚስት ሆነዋል፤ በድራማ ነው እንጂ እሱ ቡንሬ የምትባል ሚስት አለችው፣ ማልሱንም ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው በሦስት ዓመት ስለቀደማት ጋሼ ትለዋለች። የመጨረሻው ትዳራቸው ይኸው የሾርባ ቤቱ ነበር፤ ሃምሳ ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ ምሽት፣ አገር ምድሩ እራቱን ይዞ የሚያየው። እሱ የሾርባ ቤቱ ባለቤት፣ እሷ ሚስቱ፣ ዱሪ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው። እንደማንኛዋም የሰፈር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራውም፤ «የዱሪ አባት» ነው የምትለው። ጥሪው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ መንገድ ለመንገድ ዞረ። ባለ ታክሲው፣ ዓሣ ሻጯ፣ የባንክ ቤት ጸሐፊዋ ሳንግሙክን ሲያዩት «የዱሪ አባት!» ነው የሚሉት። ቡንሬ እንኳ ሲያናድዳት «የዱሪ አባት፣ ሾርባህን ራስህ ቀቅል!» ትለዋለች። ማልሱን በካሜራ ፊት አንተ፣ ካሜራው ሲጠፋ እርስዎ እያለች አርባ ዓመት ስትኖር አንድ ቀን አልተምታታባትም።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ቃላት ከሳንግሙክ መሸሽ ጀመሩ። ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ማንም ሳይነግራት የሱን ንግግር በትናንሽ ወረቀት እየጻፈች ከሽንኩርት ሳህኑ ጀርባ፣ ከኪምቺው፣ ከኮመጠጠው ጎመን ማሰሮ ክዳን ውስጥ፣ ከገዛ ሽርጧ ላይ ትለጥፍለት ጀመር። እሱ አየት አድርጎ ያነባል። ስለ ወረቀቶቹ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። አሥር ክፍል እንዲያ ሆኖ አለፈ። ተመልካቹ ደግሞ፣ የሚያየው ሌላ የሚያደንቀው ሌላ ነውና፣ «ሽማግሌው ሚስቱን ሽርጥ ሽርጧን የሚያያት እንዴት ቢወዳት ነው!» እያለ ያወራ ነበር።

ድራማው እንደሚመለስ ተነግሮ፣ ባለፈው ታኅሣሥ የሙከራ ቀረጻ ተደረገ። ሳንግሙክ የሚፍለቀለቅ ሾርባ በድንጋይ ሳህን ይዞ ከወጥ ቤት ወጣ። መሐል ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚወስደው ጠፋው። ቆመና እጆቹን የሰው እጅ ይመስል እያየ ሳህኑን ዝም ብሎ ለቀቀው። ሾርባው የፈሰሰው የማልሱን ግራ እጅ ላይ ነው። «እኔ ነኝ የገፋኋቸው፣ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም አመናት፤ ዳይሬክተሩ ፕዮ ግን አላመናትም። ክሊኒክ ድረስ ተከትሏት መጣና ቁስሏ እየታሸገ ሳለ ቁጭ ብሎ ጠየቃት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎትና እውነቱን ይንገሩኝ። እሳቸው ይችላሉ? እርስዎ ይችላሉ ካሉኝ፣ የጣቢያው አለቆች ቢንጫጩም እቀጥላለሁ።»

ማልሱን የሚቀጥለውን ሳህን አሰበች። ምድጃውን አሰበች፤ ዱሪ ሆና የምትጫወተውን ልጅ አሰበች። ሃምሳ ክፍል ሙሉ ወረቀት መለጠፍም ታያት፤ ከሁሉም በላይ ደከማት። «አይችሉም» አለች። «ሌላ ሰው ፈልግ።»

በሳምንቱ ጣቢያው ሳንግሙክ «በጤና ምክንያት» እንደማይመለስ፣ ቦታውን ናም ጊቴ እንደሚይዝ አስታወቀ። አገር ተንጫጫ። «የዱሪን አባት መልሱ» ብሎ ፊርማ ያሰባሰበ አለ፤ ናም ጊቴን ሌባ ያለው አለ፤ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ወረቀት ይዞ የቆመም አልጠፋ። ማልሱንን የሰደበ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እንዲያውም «አይዞሽ እናታችን፣ ባልሽን ነጠቁሽ» እያሉ አበባ ይልኩላት ነበር። ያንገበገባት ይኸው አበባ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሳንግሙክ ቤት አልሄደችም። እጄ እስኪሽር ነው እያለች ራሷን ታታልላለች፤ እጇ ከሻረ ሰነባብቷል።

እንግዲህ በዚህ ጠዋት ዳይሬክተር ፕዮ ለአሳማው ሰግዶ ተነሣ። ሥርዓቱ እንደሚያዘው ከእሱ ቀጥሎ የሚሰግደው፣ ማክጎሊውንም፣ የሩዙን ጠላ፣ የሚያፈሰው በዕድሜ ትልቁ ተዋናይ ነው። ማልሱን ወደ ፊት ልትራመድ ስትል የስቱዲዮው በር ተከፈተ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! አውቶቡሱ ነው ያስረፈደኝ!»

ሳንግሙክ ነበር። ካፖርቱን ሲያወልቅ ከውስጥ ያ ቡናማ ሹራብ ታየ፤ የሾርባ ቤቱ አባወራ ሹራብ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ለማስታወሻ ወደ ቤቱ ይዞት የሄደው። ፂሙን ተላጭቷል። ጫማው ተወልውሏል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እጅ እየነሣ፣ የመብራት ሠራተኞቹን በየስማቸው እየጠራ ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

ፕዮ ፊቱ አመድ መሰለ። ማን ይመልሰው? በምን አፍ? በዚህ መሐል ናም ጊቴ፣ ያ አገር ሁሉ ሌባ ያለው ሰው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሣና መንገድ ለቀቀለት።

ሳንግሙክ ሁለት ጊዜ ተንበርክኮ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደ። ማክጎሊውን በሾርባ ቤቱ ደጃፍ፣ በካሜራዎቹ እግር ሥር፣ በመብራቶቹ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ እያደረገ አፈሰሰ። «ማንም አይጎዳ፤ ማንም አይታመም» አለ ጥርት ባለ ድምፅ። «አብረን የጀመርነውን አብረን ለመጨረስ ያብቃን።» ከኋላ አንዲት የሜካፕ ሠራተኛ አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ ማልሱን ጎን መጥቶ ቆመ። «ሰላም ነው? ዛሬ የኔ ስንተኛው ትዕይንት ነው?»

ፕዮ ወደ ማልሱን ጆሮ ተጠጋ። «እትዬ፣ እኔ ልንገራቸው?»

«አንተ አፍህን ዝጋ» አለችው። «ጋሼ፣ ይምጡ፣ ሜካፕ ክፍል ሙቀት አለ።»

መጀመሪያ ለቡንሬ ደወለች። «ጉድ ሆንኩ!» አለች ቡንሬ በስልክ። «መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ እኮ ቤቱ ባዶ ነው! ሰፈሩን ሳስስ ነው ያረፈድኩት። መጣሁ፣ መጣሁ፣ እንዳትለቂው!» ከዚያ ማልሱን በሩን ዘጋችና ከሳንግሙክ ፊት ቆመች። እሱ መስተዋቱ ፊት ተቀምጦ ሜካፕ የሚቀባው ሰው እየጠበቀ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ የእርስዎ ትዕይንት የለም።»

«ነገ ነው?»

«ነገም የለም። በእርስዎ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል።»

ሳቀ። «በኔ ቦታ? ማን ደፍሮ?»

«እኔ።» ምላሷ ሊተሳሰር ሲል ቶሎ ቶሎ ቀጠለች። «እኔ ነኝ ጋሼ። ፕዮ ይችላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይችላሉ ብዬው ቢሆን ኖሮ ሥራው የእርስዎ ነበር። አይችሉም አልኩት።»

ሳንግሙክ መስተዋቱ ውስጥ ራሱን አየ፣ ሹራቡን አየ፣ ከኋላው የቆመችውን እሷን አየ። ሁሉ ነገር አንድ ባንድ ተመልሶ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታያል። ማልሱን እንዲህ የጠራ ፊቱን ካየች ዓመት አልፏታል።

«ለኔ ነበር የምትነግሪኝ» አለ። «መጀመሪያ ለኔ።»

«ፈራሁ።»

«ወረቀቱን ስትለጥፊልኝ አልፈራሽም። ስታስወጪኝ ግን ፈራሽ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ እኮ የማነበው ቃሉ ጠፍቶኝ ብቻ አልነበረም። የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ እስካለች ድረስ አልወድቅም እያልኩ ነበር። በይ ውጪልኝ። ፊትሽን ማየት አልፈልግም።»

ማልሱን እጅ ነሥታ ወጣች። አላለቀሰችም። ቁጣው የሚገባት ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ከአበባው ይልቅ ስትጠብቀው የኖረችው ይህንን ነው። በደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቦታውን ያገኘ መሰላት።

ቀረጻው ተጀመረ። ጸሐፊዎቹ ተመልካቹ አዲሱን ፊት እንዲለምድ ብለው ብልሃት ፈጥረዋል፤ የሾርባ ቤቱ አባወራ የታመመ ወንድሙን ሊያስታምም ደሴት ሄዶ ሦስት ዓመት ቆይቷል፣ ዛሬ ይመለሳል። ማልሱን ከወጥ ቤት ትወጣለች፤ በሩ ላይ ታየዋለች፤ «የዱሪ አባት፣ መጣህ?» ትላለች። እሱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ማንኪያውን ይጠርጋል፣ እሷ ሾርባውን ታስቀምጣለች። በቃ ይኸው ነው። የትናንት ጀማሪ የሚወጣው ሥራ ነው።

በመጀመሪያው ቀረጻ ዓይኑን ትታ ለናም ጊቴ ትከሻ ነገረችው። በሦስተኛው ድምፅዋ የመብራት ቢል የሚያነብ ሰው ድምፅ ሆነ። በስድስተኛው ላይ «የዱሪ አባት፣ መጡ?» አለች። ፕዮ «ካት» ብሎ በቀስታ አስቆማት። «ምንም አይደል እትዬ፣ ምንም አይደል።» ዘጠነኛውም አልሆነም። ናም ጊቴ ደግሞ ማንኪያውን በሹራቡ እጅጌ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ እየጠረገ ቁጭ ይላል፤ የሳንግሙክ አጠራረግ ነው። ሃምሳውን ክፍል ሁለት ጊዜ አይቶ አጥንቶታል። ማልሱን ያንን እጅጌ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

«እትዬ» አላት ዕረፍት ሲሆን፣ አጠገቧ ቆሞ። «ምን ላድርግልዎ? ይንገሩኝ።»

«አንተ ምንም አላጠፋህም።»

«ሰው እንደሚጠላኝ አውቄ ነው የገባሁት። የሰውን ችዬዋለሁ። የእርስዎን ግን አልቻልኩትም።»

ማልሱን ቀና ስትል ሳንግሙክ ከሜካፕ ክፍሉ ወጥቶ ከሞኒተሩ ፊት፣ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አታውቅም። በእጁ ጠራት። ማልሱን ቀሪውን ስድብ ልትቀበል አንገቷን ደፍታ ሄደች።

«እጅሽን ምን ነካው?» አላት።

«ምን?»

«እጅሽ እኮ ተቃጥሏል! ሾርባው ነው አይደል? ድሮም ቀልብ የለሽም።» ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና እንደ ልማዱ ሳቀባት። «ነይ ቁጭ በይ።»

ዓይኑን አየችው። ንጹሕ ነው። መስተዋቱ፣ ወረቀቱ፣ ቁጣው፣ ውጪልኝ ያለው ሁሉ የለም። ሁለት ሰዓት ያልሞላው ነገር ተጠርጎ ሄዷል። መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው፤ ያ እፎይታ ደግሞ ወዲያው በኀፍረት አቃጠላት።

«ያ ሰውዬ ማነው?» አለ ወደ ናም ጊቴ እያመለከተ።

«ናም ጊቴ ይባላል። ከቲያትር ቤት ነው የመጣው።»

«ጎበዝ ነው። ግን ማንኪያውን ለምን እንዲያ ይጠርጋል? ያ የሰው አጠራረግ ነው፤ ከየት ኮረጀው? የራሱን ይጥረግ በዪው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ያስቸገርሽው ግን አንቺ ነሽ ማልሱን። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ቤቱ የመጣው። አንቺ በትከሻው አልፈሽ ከኋላው ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ። እኔ እዚህ ሆኜ እያየሁሽ ነው፤ ከኋላው ሰው የለም። በሩ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው። ዓይንሽን ካልሰጠሽው በየት በኩል ይግባ?»

ማልሱን አፏን ከፈተች። እንደገና ልትነግረው ነበር፤ እኔ ነኝ ልትል፣ ከኋላው የምፈልገው እርስዎን ነው ልትል። ብትነግረው ያ ፊት እንደገና ይቆስላል። ከዚያ እንደገና ይረሳል። የእሷ ደረት ይቅለላት ተብሎ በቀን ሁለት ጊዜ መገደል የለበትም። አፏን ዘጋች።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ወደ ናም ጊቴ ተመለሰች። «ማንኪያውን እንደ ራስህ ጥረግ።»

«ማን አለ?»

«ጋሼ ናቸው ያሉት።»

ናም ጊቴ ወደ ሞኒተሩ ዞሮ እጅ ነሣ፤ ሳንግሙክም በርታ እንደሚል ሰው እጁን አወዛወዘለት። ካሜራው እንደገና መቅረጽ ጀመረ። ማልሱን ከወጥ ቤት ወጣች፤ በሩ ላይ ስድሳ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ጆሮው በብርድ የቀላ፣ እንዳይጠሉት የሚፈራ አንድ ሰው ቆሟል። ከኋላው የነበረው ጠፋ። ዓይኗን ዓይኑ ላይ ጣለች፤ ጣለችና አላነሣችም። «የዱሪ አባት» አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ በጽሑፉ ላይ አልነበረም። «መጣህ?» ናም ጊቴ ገብቶ ተቀመጠ፤ ማንኪያውን አንሥቶ በጉልበቱ ላይ ጠረገው። እሷ ሾርባውን አስቀመጠች።

ፕዮ ካት ማለቱን ረስቶ ቆየ። የመጀመሪያው ጭብጨባ ከሞኒተሩ በኩል መጣ። «አሁን መጣ!» ሳንግሙክ ብድግ ብሎ ነበር የሚያጨበጭበው። «አያችሁ? አሁን ነው ሰውየው ቤቱ የገባው!»

ቡንሬ ስትደርስ ጸጉሯ አልተበጠረም፤ በቤት ጫማ ነው የመጣችው። «አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነው?» አለችና ካፖርቱን አለበሰችው። ሳንግሙክ ልጅ እንደሚለብስ እጁን ዘርግቶ ለበሰ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ፕዮን ጠየቀው። ፕዮ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ጋሼ» አለ።

ማልሱን እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ሳንግሙክ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ቡንሬን ክንዷን ይዛ አስቀረቻት።

«እትዬ ቡንሬ፣ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ነገርኳቸው።»

ቡንሬ አልደነገጠችም፤ የምትደነግጥበት ጉልበት አልነበራትም። «ምን አለሽ?»

«ፊትሽን ማየት አልፈልግም አሉኝ። ከዚያ ወጥተው እጅሽን ምን ነካው ብለው ጠየቁኝ።»

«እንኳን ረሳው!»

«እንኳን አይበሉ» አለች ማልሱን፣ አሁን እንባዋ መጣ። «ይቅርታ ቢከለክሉኝ እኮ እችለው ነበር። ቂሙን እንኳ ሊይዙብኝ አልቻሉም።»

ቡንሬ የማልሱንን የተቃጠለ እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። ሳንግሙክ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገ። «ማልሱን! ምን ትጃጃያለሽ፣ ብርድ ነው፣ ግቢ!»

መኪናው ተነሣ። ማልሱን ለታላቅ እንደሚደረገው ወገቧን አጥፋ፣ በሩን አልፎ ወደ ዋናው መንገድ እስኪገባ ድረስ ሳትቃና ቆየች። ከውስጥ የሚቀጥለው ትዕይንት ደርሷል እያሉ ይጠሯታል። አርባ ዓመት አብራው ስትሠራ አንዴ ብቻ ነበር የተቆጣት፤ ያንንም ብቻዋን ይዛው ገባች።